ሁለት እኩያ ወይፈኖች በሁለት ዋጋ፦ ለድለባ የሚገዛ ከብት ዋጋው በምን ይወሰናል?

የዘንዘልማው ጀማሪ፣ ማክሰኞ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበራችሁ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሆነን በዘንዘልማ በኩል በተከራየነው በረት ከብት ማድለብ ከጀመርን ይህ ገና ሁለተኛ ዙራችን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጥር 17 ቀን ለፋሲካ የምናደርሳቸውን ወይፈኖች ለመግዛት ወደ ባሕር ዳር የከብት ገበያ ወርደን ነበር፤ በዚያ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ጥያቄዬን ይዤ መጥቻለሁ።

ሁለት ወይፈኖች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ቁመታቸውም፣ የደረታቸው ስፋትም፣ ክሳታቸውም ጭምር በእኔ ዓይን አንድ ነበር። አንደኛው በ46 ሺህ ብር ሲሸጥ ሌላኛው በ57 ሺህ ብር ተሸጠ። ውዱን የገዙት ሰው በዚህ ሥራ የሸበቱ ነጋዴ ስለሆኑ ተታለሉ ለማለት አልደፍርም። ርካሹን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ታዲያ በዕለቱ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስሁ፣ ማታ ግን «እኒያ ሰውዬ እኔ ያላየሁትን ምን አይተው ነው?» የሚል ጥያቄ ተተከለብኝ። ከብት በግልጽ ጨረታ በሚሸጥበት አገርስ ገዢዎች ዋጋ የሚሰጡት ምንን ተመልክተው ነው? የምታውቁ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የፎገራው ገበሬ፣ ጥር 20

ልጄ፣ ከዓይንህ በፊት እጅህን ማስቀደም ነበረብህ። የወይፈኑን ከንፈር ገልጠህ ጥርሱን አይተሃል? በእኛ በኩል ያለ ሸማች ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ጥርስ ያያል። የወተት ጥርሱን ገና ያልጣለ ከሆነ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ሁለት የጣለ ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል፣ አራት የጣለ ሦስት ዓመት ገደማ፣ ስምንቱን የጨረሰ ደግሞ ከአራት ዓመት በላይ ነው። እንደ ዝርያውና እንደ አያያዙ ጥቂት ወራት ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል። እኩል የሚመስሉ ሁለት ወይፈኖች አንደኛው ሁለት ጥርስ የጣለ፣ ሌላኛው ስድስት የጣለ ቢሆኑ፣ የመጀመሪያው ገና በማደግ ላይ ያለ፣ ሁለተኛው ግን በጥጃነቱ ወተት ተከልክሎ ወይም በበሽታ ተጎድቶ የቀጨጨ ነው ማለት ነው። የቀጨጨውን የፈለግኸውን ያህል ብትመግበው ስብ ይይዝልህ ይሆናል፤ ቁመና ግን አያወጣም።

ከጥርስ ቀጥሎ አጥንት ይታያል። የእግሩ ውፍረት፣ የወገቡ ስፋት፣ የጀርባው ርዝመት ነገ ሥጋ የሚንጠለጠልበት ማዕቀፍ ነው። የፎገራ ከብት በገበያ የሚከበረው በዚህ ነው፤ ቡራቡሬው መልኩ ለዓይን ማረፊያ ይሁን እንጂ ዋናው ሰፊው አካሉና ረግረግና ዝንብ የለመደ ጽናቱ ነው። ዳሩ ግን የርብና የጉማራ ሜዳ በሩዝ ከተያዘ ወዲህ ግጦሹ እየጠበበ፣ ንጹሕ ፎገራም እየተቀላቀለና እያነሰ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመውና ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይህንን ዝርያ ለማቆየት የሚደክመውም ስለዚህ ነው።

የከብት ሐኪም፣ ጥር 21

በአባቴ በፎገራው ገበሬ አስተያየት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የእኔን ድርሻ የምጨምረው «ክሳታቸው አንድ ነበር» በሚለው የጠያቂው ቃል ላይ ነው፤ ክሳት አንድ ዓይነት አይደለምና።

በረሃብ የከሳ ከብትና በበሽታ የከሳ ከብት ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ። በረሃብ የከሳው ለአድላቢ ወርቅ ነው፤ መኖ ባገኘ ጊዜ ያጣውን ለማካካስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከወትሮው ፈጥኖ ይጨምራል። ነባር ነጋዴዎች አጥንቱ የወጣ ወይፈን እየመረጡ የሚገዙት ለዚህ ነው፤ ቀድሞ የወፈረውን መግዛት ባለቤቱ ያበላውን መኖ ዋጋ መክፈል ይሆንባቸዋልና። በበሽታ የከሳው ግን የሚሰጠውን መኖ ለተሸከመው ተውሳክ ያካፍላል።

በጣና ዳርቻ ቀዳሚው ጥርጣሬ የጉበት ትል ነው። ትሉ በረግረግና በቦይ ዳር በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ በኩል ስለሚተላለፍ፣ ክረምት ሲወጣ ውሃው በሸሸበት ለምለም ሣር ላይ የዋለ ከብት በብዛት ይይዘዋል። በመስከረምና በጥቅምት ትሉን ከሣር ጋር የቃመ ወይፈን በጥር ወር ገበያ ሲወጣ ትሉ በጉበቱ ውስጥ አድጎ ይገኛል። ምልክቶቹ ለለመደ ሰው አይሰወሩም፦ ከመንጋጋው ሥር ውሃ የቋጠረ የሚመስል ለስላሳ እብጠት፣ የዓይኑ ሽፋን ሲገለበጥ መንጣት፣ የጠጉሩ መቆምና መደብዘዝ። ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታም በዚህ አካባቢ በተናካሽ ዝንቦች ስለሚተላለፍ ቆላ ያልወረደ ከብት ሁሉ ከእሱ ነጻ ነው ብሎ ማመን ስህተት ነው። በቆዳው ላይ የጉርብርብ ጠባሳ ያለበት፣ አፉን ታሞ የሚያዝረበርብ ወይም የሚያነክስ ከብት ደግሞ ለሁሉም ሰው ስለሚታይ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል። ሰው የሚከስረው ባልታየው ነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ የገዛኸውን ወይፈን ዓይን ገልብጠህ፣ ከመንጋጋው ሥር ዳብሰህ ንገረን።

የዘንዘልማው ጀማሪ፣ ጥር 21

ዶክተር፣ እጅግ አመሰግናለሁ። አሁን ከበረት መመለሴ ነው። ጥርሱ አራት ነው። የዓይኑ ሽፋን ነጣ ያለ መሰለኝ፣ እብጠት ግን አላገኘሁበትም። ሻጩ ከቁንዝላ በኩል እንደመጣ ነግሮኝ ነበር።

የከብት ሐኪም፣ ጥር 21

ቁንዝላ የሐይቁ ዳር ስለሆነ እበቱን በቅርብ ወዳለ የእንስሳት ጤና ጣቢያ አድርሰህ አስመርምር። የትሉ እንቁላል በእበት ውስጥ ይታያል። መድኃኒት በግምት ከሱቅ ገዝተህ እንዳትሰጥ አደራ፤ በየሱቁ የሚገኘው የተለመደው የሆድ ትል መድኃኒት ያደገውን የጉበት ትል እንጂ ጨቅላውን አይገድልም፣ መጠኑም በክብደት የሚሰላ ነው። ከታረደ በኋላ ጉበቱ እንዳይጣልብህና መድኃኒቱ ከሥጋው እንዲወጣ ከአሁኑ መታከሙ ይበጃል።

የካንሳሱ፣ ጥር 22

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት በባሕር ዳር ነው፤ ለጥቂት ዓመታት በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በአንድ ትልቅ ማድለቢያ ውስጥ ሠርቻለሁ። ጠያቂው ስለ ጨረታ ስለጠየቀ ያየሁትን ልናገር።

በዚያ አገር ለድለባ የሚሸጡ ከብቶች በቡድን ሆነው ወደ ክብ አጥር ይገባሉ፤ ክብደታቸው ተመዝኖ በሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ አጫራቹ ለጆሮ በሚከብድ ፍጥነት ዋጋ ሲጠራ ገዢዎች በአንገት ንቅናቄ ብቻ ይጨምራሉ፤ አንድ ቡድን ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሸጣል። ዋጋው የሚጠራው በአንድ ከብት ሳይሆን በ100 ፓውንድ፣ ማለትም በ45 ኪሎ ገደማ ነው። የመንግሥቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ያወጣው ደረጃ ደግሞ አጥንቱን ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ ብሎ፣ የጡንቻውን ውፍረት ከ1 እስከ 4 ቁጥር ሰጥቶ ይመድባል። አባቴ የፎገራው ገበሬ በእጃቸው ዳብሰው የሚያውቁትን እነሱ በቁጥር ጽፈውታል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በካንሳስ ጨረታዎች በተሸጡ ከብቶች ላይ የተደረገ ጥናት በዚህ ሙያ ብዙ ይጠቀሳል። ከክብደት፣ ከጤና፣ ከጡንቻና ከዝርያ ሌላ ዋጋን የሚለውጡ ሆነው ከተገኙት መካከል ሦስቱ ለእኛም ትምህርት አላቸው። አንደኛው የቡድኑ ብዛት ነው፤ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ወደ 50 ሺህ ፓውንድ ስለሚጭን፣ መኪናውን በአንድ ጊዜ የሚሞሉ እኩያ ከብቶች በነጠላ ከሚሸጡት የተሻለ ዋጋ ያወጣሉ። ሁለተኛው የሆድ ሙላት ነው፤ ውሃና መኖ ተግቶ ሆዱ የተነፋ ከብት ዋጋው ይቀነሳል፣ ገዢው በሥጋ ዋጋ ውሃ መግዛት አይፈልግምና። ሦስተኛው ቀንድ ነው፤ በመኪና ውስጥ ሌሎችን ስለሚወጋ ቀንዳሙ ይቀጣል። በእኛ አገር ቀንድ ጌጥ ሆኖ ሲያስመርጥ ሳይ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

በመልክም ቢሆን ብቻችንን አይደለንም። ጥቁር ከብት በአሜሪካ ጨረታ ብልጫ ያገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረ አንድ የታወቀ የአንገስ ሥጋ መለያ የከብቱ ቆዳ በአብዛኛው ጥቁር እንዲሆን ስለሚጠይቅ ገዢው ጥቁሩን ሲገዛ የነገውን መለያ እየገዛ ነው።

ባለ ፋጉሎ፣ ጥር 22

ስለ ከብቱ ብዙ ተባለ፤ ስለ መኖው ግን ማንም አላነሳም። እኔ ከዘይት መጭመቂያዎች የኑግ ፋጉሎ እየተረከብሁ አከፋፍላለሁ። ፋጉሎና ፍሩሽካ በተወደደ ሳምንት በቅዳሜው ገበያ የከሳ ወይፈን የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል። ይህንን ከሱቄ ደጃፍ ሆኜ ሳየው ኖሬያለሁ።

እናት አድላቢ፣ ጥር 23

የባለ ፋጉሎ ንግግር አጭር ይሁን እንጂ የጉዳዩ እምብርት ነው። እኔ ከቤቴ ጓሮ በየዙሩ ሦስት ከብት የማደልብ፣ ጠላና አረቄም የምሸጥ ሴት ነኝ፤ አተላው ከራሴ ስለሚወጣ በዚህ በኩል ከሌላው ሰው እሻላለሁ። ይሁንና ወደ ገበያ ከመሄዴ በፊት ማታ ቁጭ ብዬ ከፋሲካ ወደ ኋላ አሰላለሁ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት እንዲመቹ አድርጌ ላስቀምጣቸው እንጂ የዛሬ ዋጋ አድርጋችሁ አትውሰዱብኝ።

ወይፈኑ ደልቦ በበዓሉ ዋዜማ 90 ሺህ ብር ያወጣል ብዬ ልገምት። ለ90 ቀን በቀን 150 ብር መኖ ቢበላ 13 ሺህ 500 ብር ይሆናል። ለመድኃኒት 1 ሺህ 500፣ ለጠባቂ 6 ሺህ፣ ለመኪናና ለደላላ 3 ሺህ፣ ለብድር ወለድና ቢሞት ለሚተካ መጠባበቂያ 4 ሺህ፣ ለእኔ ለልፋቴ 8 ሺህ ብር ልያዝ። ድምሩ 36 ሺህ ነው። ስለዚህ ለከሳው ወይፈን ልከፍል የምችለው ጣሪያ 54 ሺህ ብር ነው፤ ሻጩ ቢምልም ቢገዘትም ከዚያ አላልፍም።

አሁን መኖው በቀን ወደ 220 ብር ይውጣ። ጣሪያዬ በአንድ ጊዜ ወደ 47 ሺህ 700 ብር ይወርዳል፤ ወይፈኑ ያው ወይፈን ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ወይም መኖው እንዳለ ይሁንና የፋሲካው ዋጋ ከመቶ 10 ይቀንሳል ብዬ ልስጋ፤ 90 ሺህ የነበረው 81 ሺህ ሲሆን ጣሪያዬ 45 ሺህ ይሆናል፣ ይኸውም ከመቶ ወደ 17 የሚጠጋ ቅናሽ ነው። በበዓል ገበያ ላይ የተሰማ ትንሽ ወሬ በከሳ ከብት ገበያ ላይ ትልቅ ድንጋጤ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ወጪው ሁሉ ባለበት ስለሚቆም ጉዳቱን በሙሉ የሚሸከመው የከሳው ከብት ዋጋ ነው።

የካንሳሱ፣ ጥር 23

እትዬ፣ ይህንን ስሌት በዚያ ማድለቢያ ውስጥ ግዢውን የሚመሩት ሰዎች በየማለዳው ይሠሩት ነበር፤ ፋጉሎን በበቆሎ ቢተኩት ልዩነት የለውም። አንድ ነገር ልጨምርበት። በአሜሪካ ቀላሉ ጥጃ ከከባዱ ይልቅ በኪሎ ይወደዳል፤ ምክንያቱም በማድለቢያ ውስጥ አንድ ኪሎ መጨመር አንድ ኪሎ ከመግዛት የሚረክስ ከሆነ ገዢው ትንሽ ገዝቶ ብዙ መጨመር ይመርጣል። በቆሎ ሲወደድ ግን ይህ ልዩነት ይጠብባል፤ ሰው ግማሽ መንገድ የሄደውን፣ መኖ የማይፈጀውን ከባዱን ይፈልጋል። የአገሪቱ የከብት ብዛት እ.ኤ.አ. ከ1951 ወዲህ ወደ ዝቅተኛው ስለወረደ ደግሞ በአሁኑ ጊዜ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ ድርቁ ላሟን ጭምር አሸጠ፣ ላም ከሌለች ጥጃ የለም።

የፎገራው ገበሬ፣ ጥር 24

ይህ ስለ ድርቅ የተባለው እኛ ዘንድ በየዓመቱ በትንሹ ይታያል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ሣሩ ሲያልቅ፣ ገለባውም ሲመናመን፣ ገበሬው ከብቱ በደጁ ከሚወድቅ ብሎ ያወጣዋል፤ የማዳበሪያ ዕዳም በዚያው ሰሞን ያስጨንቀዋል። የሚያርስ በሬ ግን በግንቦትና በሰኔ ይወደዳል፤ ያን ጊዜ ሥጋው ሳይሆን ጫንቃው ነው የሚሸጠው። ክረምቱ ሲወጣ ያረጀው በሬ ቀንበሩን ያወርድና ሊደልብ ወደ ገበያ ይመጣል። የሩዝ ገለባ አለን፤ ነገር ግን ደረቅ ነው፣ ከብቱ እየበላ ይከሳል።

የከብት ሐኪም፣ ጥር 24

ገለባውን በዩሪያ ማከም ይቻላል። ለ100 ኪሎ ደረቅ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ በሚገባ ሟሙቶ እየተረጨ ይጠቀጠቃል፤ አየር እንዳያስገባ በላስቲክ ታሽጎ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ከመመገቡ በፊት ይናፈሳል። ዩሪያው ሳይሟሟ ከቀረ ወይም ከብቱ ውሃውን ከጠጣው ይገድላል፣ ስለዚህ የግብርና ባለሙያ ቆሞ ቢያሳያችሁ ይሻላል። እምቦጭን ስለመመገብ የሚጠይቁኝም አሉ፤ ከመቶ ከ90 በላይ ውሃ የሆነ ነገር ሆድ ይሞላል እንጂ አያደልብም።

የቀድሞው ደላላ፣ ጥር 25

ሁላችሁም ስለ ከብቱና ስለ መኖው ጽፋችኋል። እኔ ለዓመታት በመካከላችሁ የቆምሁ ሰው ነኝና ስለ ሰዎቹ ልጻፍ፤ ደላላ ሌባ ነው የምትሉም ብትኖሩ አልቀየምም።

ከከብቱ አካል ምንም ሳይለወጥ ዋጋው በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ ይለዋወጣል። ከሩቅ የመጣ ሻጭ ማለዳ ላይ ኩሩ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን ከብቱን ይዞ መመለስ፣ መንገድ ላይ ማደር፣ ማብላት እንዳለበት ስለሚያስብ ይለሰልሳል። ነባሩ ሸማችም ይህንን ዐውቆ ሻይ ቤት ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ከዚህ ሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ የመንገዱ ነገር ተጨምሮበታል፤ መንገድ ይዘጋል የሚል ወሬ በተሰማ ዕለት የሩቅ ነጋዴዎች አይሱዙ ይዘው አይመጡም፣ የመጡትም በጊዜ ይበተናሉ፣ የቀረው ከብት በአካባቢው ሸማች እጅ ይወድቃል። ቀድሞ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚወጣው ከብት የእኛንም ገበያ ወደ ላይ ይስብ ነበር፤ በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ያ በር እንደ ድሮው አስተማማኝ አይደለም።

ማን ሊገዛ እንደመጣም ማወቅ ያስፈልጋል። ለበዓል ቅርጫ የሚያደልብ ሰው የተቀጠቀጠውን ማለትም የተኮላሸውን፣ ስብ የሚይዘውን፣ ሻኛው ጉብ ያለውን ይፈልጋል። ወደ ውጭ ለሚልኩ ድርጅቶች የሚሰበስብ ነጋዴ ደግሞ ያልተቀጠቀጠ፣ ስብ ያልበዛበት ጎረምሳ ወይፈን ይሻል። አንዱ የናቀውን ሌላው ያነሳዋል። በከተማችን ከሚታለቡት የፈረንጅ ዲቃላ ላሞች የሚወለዱ ወንዶች ጥሩ ያድጋሉ፤ ነገር ግን ሻኛ ስለሌላቸው በቅርጫ ገበያ ሲገፉ አይቻለሁ።

ስለ ደላላነትም አንድ ቃል። ሻጩን የማያውቅ ሸማች የተሰረቀ ከብት ገዝቶ ከነገንዘቡ ሊታሰር ይችላል። እኔ «ይህንን ሰው ዐውቀዋለሁ» ስል የማስከፍለው ለዚያ ቃል ነው። ከሁለት ወገን የሚበላ፣ ገዢና ሻጭ እንዳይተያዩ የሚከልል ደላላ መኖሩን ግን አልክድም፤ በሻጩና በገዢው መካከል ያለውን ዋጋ ደብቆ ልዩነቱን ኪሱ የሚከትም አለ።

እናት አድላቢ፣ ጥር 25

ስለ እውነት ስለተናገሩ አመሰግናለሁ። ይሁንና ሚዛን ቢኖር ያ የተደበቀ ልዩነት ይጠብ ነበር ባይ ነኝ። የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 ገበያዎችን በደረጃ ከፍሎ፣ የሚነግዱትም ፈቃድ እንዲኖራቸው ደንግጎ ከወጣ ዓመታት ተቆጠሩ፤ እኛ ግን ዛሬም የምንገዛው በዓይን ግምት ነው።

የቀድሞው ደላላ፣ ጥር 25

እህቴ፣ ሚዛን ክብደትን ይናገራል እንጂ ጥርስን፣ ጉበትን፣ ባለቤትን አይናገርም። ሻጮችም ቅዳሜ ማለዳ ጨው አልሰው ውሃ አጠጥተው ሚዛን ላይ ማውጣት ይማራሉ።

የከብት ሐኪም፣ ጥር 26

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ገበሬ ወይፈኑን ለአባ ሰንጋ፣ ለአባ ጎርባና ለጉሮርሳ አስከትቦ፣ የጉበት ትልም አስጠርጎ ገበያ ሲወጣ አንድ ብር ጭማሪ አያገኝም፤ ያልታከመው ከጎኑ ቆሞ በዚያው ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት አያስከትብም። በካንሳስስ እንዴት ነው?

የካንሳሱ፣ ጥር 26

ከእናቱ ከተለየ ቢያንስ 45 ቀን የሞላው፣ የተከተበና ከገንዳ መብላት የለመደ ጥጃ በማስረጃ ሲቀርብ በጨረታው ይበልጥ ይከፈልበታል፤ አጫራቹም ይህንኑ ጮክ ብሎ ይናገርለታል። ገዢው የሚከፍለው ለክትባቱ መርፌ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሳንባ በሽታ ለማይሞትበት ከብት ነው። ያለ ወረቀትና ያለ ጆሮ መለያ ግን እዚያም ቢሆን የሻጭ ቃል ብቻውን ዋጋ የለውም።

የመሸንቲው፣ ጥር 27

ስለ ጨረታ አንድ ገጠመኝ ልጨምር። ከዓመታት በፊት አንድ የመንግሥት እርባታ ትርፍ ከብቶቹን በጨረታ ሲያወጣ ተወዳድሬ ነበር፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ከብቶቹን በምድብ በምድብ ከፍለው በአጥር አሳዩን፣ ዋጋችንን በታሸገ ፖስታ አስገባን። በአንድ ምድብ ውስጥ አራት መልካም ወይፈንና አንድ ያነከሰ አብረው ነበሩ። ሁላችንም ዋጋ የሰጠነው ያነከሰውን እያየን ነበር ለማለት እደፍራለሁ፤ አሸናፊው የሰጠው ዋጋ ለአራቱ ብቻ ቢሆን እንኳ ርካሽ ነበር። እኩያ ያልሆኑትን አንድ ላይ ማቅረብ ሻጩን ምን ያህል እንደሚጎዳ ያን ቀን ገባኝ። አሁን ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን እኩያ የሆኑትን ሰብስበን አይሱዙ የሚሞላ ቁጥር ስናደርስ ነጋዴው ራሱ ደውሎ ይመጣል።

የዘንዘልማው ጀማሪ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ገበያው ቀዝቅዟልና ቆይታዬን ልንገራችሁ። እበቱ ተመርምሮ የጉበት ትል እንቁላል ተገኝቶበታል፤ ጥር 24 ቀን በሐኪም ታከመ። ጥር 22 ቀን ደረቱን ዙሪያውን በሜትር ስለካው 142 ሳንቲ ሜትር፣ ከትከሻው እስከ መቀመጫ አጥንቱ 118 ሳንቲ ሜትር ነበር። የደረቱን ልኬት በራሱ አባዝቼ፣ በርዝመቱም አባዝቼ፣ የክብደት መገመቻው ቀመር እንደሚያዘው ለ10 ሺህ 840 ሳካፍለው 219 ኪሎ ግድም መጣልኝ፤ ስለዚህ በኪሎ 210 ብር ገዝቼዋለሁ ማለት ነው። ትናንት ደረቱ 147፣ ርዝመቱ 119 ሆኖ 237 ኪሎ ደርሷል። በ24 ቀን 18 ኪሎ ያህል ጨምሯል። ግምት እንጂ ሚዛን አለመሆኑን ዐውቃለሁ፤ ሆኖም ሜትሩም እጁም የአንድ ሰው ስለሆኑ ልዩነቱን አምነዋለሁ። የጀመርኩት በታመመ ከብት መሆኑንም አልረሳሁም፤ ሐኪሙና መድኃኒቱ የወሰዱት ገንዘብ ከእናት አድላቢ ስሌት ያልፋል።

ሌላው ወሬዬ ያኛውን ወይፈን በ57 ሺህ ብር የገዙትን ነጋዴ ማግኘቴ ነው። ከትናንት በስቲያ በገበያው ላይ አይቻቸው ሰላምታ አቅርቤ በትሕትና ጠየቅኋቸው። ጥርሱን ማየታቸውን፣ ዓይኑን ግን አለመግለጣቸውን ነገሩኝ። «ለምን?» ስላቸው፣ «ባለቤቱን ዐውቀዋለሁ፤ ከመርዓዊ ወዲያ ደጋ ላይ ነው ያለው፣ ዐምናም ካቻምናም ከእሱ በረት ወስጃለሁ፣ አንዱም ታሞብኝ አያውቅም» አሉኝ። በ85 ቀን ውስጥ እንዲያተርፋቸው ስለሚቸኩሉ ለሦስት ሳምንት ሕክምና የሚሆን ጊዜ እንደሌላቸውም ጨመሩልኝ።

የቀድሞው ደላላ፣ የካቲት 17

ያ ሰውዬ ለባለቤቱ ቃል 11 ሺህ ብር ከፈሉ ማለት ነው። እኔ ብሆን በ2 ሺህ እነግራቸው ነበር።

የዘንዘልማው ጀማሪ፣ የካቲት 18

ጋሼ፣ ለሚቀጥለው ዙር ወደዚያው ደጋ ራሳችን ለመውጣት አስበናል። መንገዱ ክፍት ከሆነ ዶክተሩም አብረውን ሊመጡ ቃል ገብተዋል፤ የእርስዎንም ዋጋ በስልክ እንነጋገርበት።